ዲለሩ ቢወገድ ገዢው ይድናል? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ የመኪና ሽያጭ ሕግ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከብዙ ሰው ደርሶኛል፤ አብዛኛው «እውነቱን ነው!» የሚል ቃል ጨምሮበት። ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ጸሐፊው መኪና ሲገዙ የተበሳጩ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል፣ ብስጭታቸውም ይገባኛል። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው ተቀብሎት ስላየሁ ነው መልስ ለመጻፍ የተነሳሁት።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ዲለር (ከአምራቹ ጋር ተዋውሎ የእሱን መኪና የሚሸጥና የሚጠግን ነጋዴ) ማለት በሕግ ግዴታ መሃል የገባ ደላላ ነው፤ ደላላው ቢወጣ የመኪና ዋጋ ይወርዳል ይላሉ። ሁለተኛ፣ አምራቹም ዲለሩም ነጋዴዎች ናቸው፣ ሁለቱም ጠበቃ አላቸው፤ ውላቸውን ራሳቸው ይዋዋሉ እንጂ መንግሥት ምን ጥልቅ አደረገው? ሦስተኛ፣ ቴስላ ያለ ዲለር መሸጥ እንደሚቻል አሳይቷል። አራተኛ፣ የዛሬ ገዢ መረጃው ሁሉ እጁ ላይ ነው፣ ስለዚህ ገዢን ለመጠበቅ የሚወጣ ደንብ የሚጨምረው ወረቀት ብቻ ነው። አምስተኛ፣ የተታለለ ካለ ፍርድ ቤት አለለት። ስለዚህ አምራችንና ዲለርን የሚቆጣጠረው ሕግ በሙሉ ይነሳ።

(ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከሁለተኛው ልጀምር። ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

«ሁለቱም ነጋዴ ናቸው» የሚለው ውሉ በተፈረመበት ቀን እውነት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላስ? ዲለሩ መሬት ይገዛል ወይም ይከራያል። አምራቹ በሚያዘው ፕላን ሾውሩም ይሠራል፣ ወለሉና የበሩ ቅርጽ ሳይቀር የታዘዘ ነው። የዚያን ብራንድ ብልሽት ብቻ የሚያነብ መሣሪያ ይገዛል፣ መካኒኮቹን በዚያ ብራንድ ያሠለጥናል፣ መጋዘኑን ለሌላ መኪና በማይሆን መለዋወጫ ይሞላል። አብዛኛው በብድር ነው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አምራቹ «ውሉን አላድስም» ቢለው ሰውየው እጁ ላይ የሚቀረው ዕዳው ነው። አምራቹ ግን ከተማው ውስጥ ሌላ ዲለር ይፈልጋል፣ አበቃ። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ጠበቃ መኖሩ ብዙ አይረዳም፤ ጠበቃው የሚይዘው ሕግ ከሌለ ውሉን አንብቦ «ይችላሉ» ከማለት ውጪ ምን ያደርጋል?

ይህ በሐሳብ የተፈጠረ ስጋት አይደለም። በ1920 መጨረሻ ኢኮኖሚው ቀዝቅዞ ገበያ ሲጠፋ፣ ሄንሪ ፎርድ ፋብሪካው ውስጥ የተከማቹትን ሞዴል ቲ መኪናዎች ላላዘዙት ዲለሮች ጫነባቸው። ሲደርሳቸው በጥሬ ገንዘብ መክፈል ነበረባቸው። እምቢ ያለ ውክልናውን ያጣል። ዲለሮቹ ከየመንደራቸው ባንክ ተበድረው ከፈሉ። ፎርድ ከትልልቆቹ ባንኮች ደጅ ሳይቆም ያንን ክፉ ጊዜ ተሻገረ፣ ዕዳውን የተሸከሙለት ዲለሮቹ ናቸው። ስቴቶች ይህን ዓይነቱን ጫና የሚከለክል ሕግ ማውጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ1956 ዲለር አምራቹን «በቅን ልቦና አልሠራህም» ብሎ በፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲከስ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ጸሐፊው ሕጉን በዲለሮች ገንዘብ የተገዛ አስመስለው አቅርበውታል። የዲለሮች ማኅበር ጉልበተኛ መሆኑን አልክድም፤ ዛሬ በየስቴቱ ምክር ቤት ድምፁ ትልቅ ነው። የሕጉ መነሻ ግን ይህ ነው።

«ያ የጥንት ታሪክ ነው» የሚል ካለ 2009ን ያስታውስ። ክራይስለር በኪሳራ ፍርድ ቤት ጥላ ሥር በገባ ጊዜ የስቴቶቹ የዲለር ሕግ ሊያስቆመው አልቻለም፣ የፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ ይበልጠዋልና። ግንቦት 14 ቀን ክራይስለር የ789 ዲለሮችን ውል ማቋረጥ እንደሚፈልግ ለፍርድ ቤቱ አሳወቀ። ሰኔ 9 ቀን ፍርድ ቤቱ ፈቀደ። አራት ሳምንት አይሞላም። በዚያች አጭር ጊዜ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ የቆመውን መኪና፣ መደርደሪያ ላይ ያለውን መለዋወጫ፣ ከነሠራተኞቻቸው ምን እንደሚያደርጉት መላ መፈለግ ነበረባቸው። በመደበኛው ጊዜ ብዙ ስቴቶች አምራቹ ውል ሲያቋርጥ ያልተሸጠውን ዕቃ መልሶ እንዲገዛ ያስገድዳሉ። በኪሳራው ጊዜ ያ ግዴታ አልሠራም። ጄኔራል ሞተርስም በዚያው ሰሞን ከሺህ በላይ ለሚሆኑ ዲለሮቹ ውላቸው እንደማይታደስ ደብዳቤ ላከ። ነገሩ ስለከፋ ኮንግረሱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለተባረሩት ዲለሮች የግልግል ዕድል የሚሰጥ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነበት። ጸሐፊው «ሕጉ ባይኖር ምን ይመጣል?» ብለው ጠይቀዋል። ለጥቂት ሳምንታት እንዳልነበረ ሆኖ ታይቷል።

«ዲለሩ ቢጎዳ እኔ ገዢው ምን አገባኝ?» ልትሉ ትችላላችሁ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ያገባችኋል፣ ምክንያቱም ዋስትናችሁን በእጁ የሚፈጽመው ዲለሩ ነው። በትንሽ ከተማ ያለው ብቸኛ ዲለር ሲዘጋ ያልተቃጠለ ዋስትና ይዛችሁ ሁለት ሰዓት እየነዳችሁ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነው። ሌላም አለ። ብዙ ስቴቶች አምራቹ ለዋስትና ጥገና የሚከፍለው ክፍያ፣ ዲለሩ ከመንገድ የመጣ ደንበኛን ከሚያስከፍለው ጋር እንዲስተካከል ያዛሉ። ጸሐፊው ይህን «ለዲለር የተሰጠ ድጎማ» ይሉታል። እስቲ አስቡት፣ አምራቹ ለአንድ ሰዓት ሥራ ግማሽ ቢከፍል ጋራዡ የማንን መኪና ነው የሚያስቀድመው? ከኪሱ የሚከፍለውን ነዋ። በዋስትና የመጣችሁት እናንተ ሳምንቱን ሙሉ ትጠብቃላችሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልመለስ፣ ደላላው ቢወጣ ዋጋ ይወርዳል ወደሚለው።

መኪና ማሳያ ቦታ ይፈልጋል፣ ማስረከቢያ ይፈልጋል፣ ጋራዥ ይፈልጋል፣ አሮጌውን ተቀብሎ የሚያቀያይር ሰው ይፈልጋል። ዲለሩ ሲወጣ ይህ ወጪ ወደ አምራቹ ይሻገራል እንጂ አይተንም። አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ዛሬ አንድ ዓይነት መኪና የሚሸጡ ሁለት ዲለሮች በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ካሉ የአንዱን ዋጋ ይዛችሁ ሌላው ጋ መሄድ ትችላላችሁ። አምራቹ ብቻውን ሲሸጥ የምትሄዱበት ሌላ በር የለም። ሌላ ብራንድ መግዛት ትችላላችሁ፣ እውነት ነው፤ ያንን መኪና ከፈለጋችሁ ግን ዋጋው እሱ ያለው ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው የምልበት ነገር አለ፣ ትንሽም አይደለም። በ2021 እና በ2022 የቺፕ እጥረት መኪና ባስወደደ ጊዜ ብዙ ዲለሮች አምራቹ ካወጣው ዋጋ በላይ ሺዎች ጨምረው ሸጠዋል። ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ራሳቸው ዲለሮቻቸውን እስከ ማስጠንቀቅ ደርሰዋል። ያሳፍራል። ሁለተኛው የቴክሳስ ነገር ነው። ቴስላ ዋና መሥሪያ ቤቱና ግዙፍ ፋብሪካው ኦስቲን ውስጥ ነው፤ የቴክሳስ ሕግ ግን እዚያው ስቴት ውስጥ በራሱ ሱቅ መኪና እንዳይሸጥ ይከለክለዋል። ገዢው በኢንተርኔት ያዝዛል። ይህ ማንን ነው የጠበቀው? ቴስላ ዲለር ኖሮት አያውቅም፣ ስለዚህ ያስገደደውም ሆነ የከዳው ዲለር የለም። ከልካዩ ሕግ ያገለገለው የሌላ ብራንድ ዲለሮችን ከውድድር መሸሸጊያ በመሆን ነው።

ግን ከዚህ ተነስቶ «ሕጉ ሁሉ ይነሳ» ማለት ትልቅ ዝላይ ነው። መስመሩን የማሳቹሴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2014 በግልጽ አስምሮታል። ዲለሮች ቴስላን ከሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ «ሕጉ የወጣው ዲለርን ከራሱ አምራች በደል ለመጠበቅ ነው እንጂ ከማያገናኘው ተወዳዳሪ ለመጠበቅ አይደለም» የሚል ይዘት ያለው ውሳኔ ሰጥቶ ክሳቸውን ዘጋ። ለእኔ ይህ በቂ መልስ ነው። ዲለር የሌለው አዲስ አምራች ራሱ ይሽጥ። ዲለሮችን መሬት አስገዝቶ፣ ሕንጻ አስገንብቶ፣ ገበያውን በእነሱ ላብ የያዘ አምራች ግን አንድ ቀን ተነስቶ ከጎናቸው ሱቅ ከፍቶ በርካሽ ሊሸጥባቸው አይገባም። ሁለቱን ለይቶ ማየት ይቻላል፣ ጸሐፊው ግን አንድ ላይ ጠቅልለዋቸዋል።

በሦስተኛው፣ በቴስላ ምሳሌ ላይ ብዙ አልቆይም። ክርክር የሌለበት ዋጋ እፎይታ ነው፤ በተለይ እንግሊዝኛው ገና ላልተመቸው ሰው ያለ ጭቅጭቅ ተገዝቶ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን «ቋሚ» እና «ፍትሐዊ» አንድ አይደሉም። በጥር 2023 ቴስላ ዋጋውን በአንድ ሌሊት ሲቆርጥ የሞዴል ዋይ ሎንግ ሬንጅ ከ65,990 ወደ 52,990 ዶላር ወረደ። ሳምንት ቀደም ብሎ የገዛው ሰው 13,000 ዶላር ተጨማሪ ወጣበት። ሕገ ወጥ አይደለም፣ ግን ዲለር የሌለበት ዓለም ገዢ የማይናደድበት ዓለም አይደለም። ፊስከር የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ደግሞ አለ። እሱም በቀጥታ ሻጭ ነበር። በ2024 መጀመሪያ ሐሳቡን ቀይሮ ዲለር ፍለጋ ጀመረ፣ በሰኔ ኪሳራ አወጀ። ኦሽን የተባለውን መኪና የገዙት ሰዎች መለዋወጫና ጠጋኝ ፍለጋ ራሳቸው ተደራጅተው መንከራተት ነበረባቸው። ዲለር ቢኖር ኖሮ የሞተ ኩባንያ ከሞት ይነሳ ነበር አልልም። ቢያንስ ግን መሣሪያውና የሠለጠነ መካኒክ ያለው ጋራዥ በየከተማው በኖረ ነበር።

አራተኛው ነጥብ ላይ ነው ከጸሐፊው ጋር በጣም የምለያየው። «መረጃው ሁሉ እጃችን ላይ ነው» ይላሉ።

ከየት መጥቶ? አዲስ መኪና መስኮት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ የአምራቹ ዋጋ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዕቃ ከነዋጋው፣ የማጓጓዣ ክፍያው። ያ ወረቀት ያለው በ1958 የወጣ ሕግ ስላስገደደ ነው። የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ያስወጡት ነው፣ ወረቀቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ በፊት ዲለሩ የፈለገውን ዋጋ ይጠራ ነበር፣ ገዢውም የሚያመሳክርበት አልነበረውም። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የምታነጻጽሩበት የአምራች ዋጋ መነሻው እዚያ ነው። ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ የሚሰቀለው ወረቀትም፣ ዋስትና አለው ወይስ «እንዳለ» ነው የሚሸጠው የሚለውን የሚነግራችሁ፣ ከ1985 ጀምሮ በፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ የመጣ ነው። በገዛ ራሱ ፈቃድ የለጠፈው ሻጭ አልነበረም።

ደግሞም ስልክ የማያውቀው ክፍል አለ። አንድ ወዳጄን አጅቤ ዲለር ቤት ሄጄ ነበር። በመኪናው ዋጋ ተስማማ፣ ደስ ብሎት ወደ ፋይናንስ ክፍሉ ገባን። ጠባብ ክፍል ናት። የኮምፒውተሩ ስክሪን ወደ ፋይናንስ ሠራተኛው ብቻ ዞሯል። የመጀመሪያ ጥያቄው «በወር ስንት ይመችሃል?» ነበር። ወዳጄ ቁጥር ጠራ። ሰውየው ትንሽ ነካካና ልክ ያንን ቁጥር አወጣለት። ወረቀቱን ሳነበው ግን ውስጡ የተራዘመ ዋስትና፣ መስታወት ላይ የሻንሲ ቁጥር መቅረጫ፣ ጎማ ውስጥ ናይትሮጅን ተጨምሮበታል፤ ወራቱም ከ60 ወደ 72 ተለጥጠዋል። ስለ አንዱም አልተጠየቀም። «ይህ ምንድነው?» ስንል «ሁሉም ሰው ይወስደዋል» ተባልን።

ወለዱ ደግሞ አለ። ባንኩ ለዲለሩ «ይህን ሰው በ6 በመቶ አበድረዋለሁ» ሊለው ይችላል። ዲለሩ ለእናንተ 8 በመቶ ብሎ ያቀርብና ልዩነቱን ከባንኩ ጋር ይካፈላል። በ25,000 ዶላር ብድር ለ72 ወር ብታሰሉት በወር 24 ዶላር ገደማ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። ሲደመር ግን ከ1,700 ዶላር ያልፋል። ባንኩ ያለው ቁጥር ስልካችሁ ላይ የለም፣ ሻጩም እንዲነግራችሁ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የለም። በ2023 መጨረሻ የንግድ ኮሚሽኑ ቢያንስ ዋጋው በማስታወቂያ ላይ እንደተባለው እንዲሆን፣ ጥቅም የሌለው ተጨማሪ ነገር እንዳይጫንና ያለ ገዢው ግልጽ ፈቃድ ምንም እንዳይጨመር የሚል ደንብ አጽድቆ ነበር። የዲለሮች ማኅበራት ከሰሱ፣ በጥር 2025 አምስተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። ጸሐፊው ይህን «ፍርድ ቤትም ደንቡ አያስፈልግም አለ» ብለው ጠቅሰውታል። አላለም! የተሻረው ኮሚሽኑ ደንቡን ሲያዘጋጅ ማውጣት የነበረበትን የቅድሚያ ማስታወቂያ ስላላወጣ ነው። ደንቡ ጥሩ ነው መጥፎ የሚለው ለብቻው ያለ ጉዳይ ነው።

ወረቀቱ በዛ የሚለውን ግን እቀበላለሁ። አንድ መኪና ለመግዛት የሚፈረመው ክምር ለማንም አይነበብም። እዚያ ክምር ውስጥ ያለው አብዛኛው ግን ዲለሩና አበዳሪው ራሳቸውን ለመጠበቅ የጻፉት ነው። ያም ሆኖ ገዢው ማወቅ ያለበትን አያውቅም። ብዙ ሰው «ካልወደድኩት በሦስት ቀን እመልሰዋለሁ» ብሎ ይፈርማል። ዲለር ቤት ሄዳችሁ በገዛችሁት መኪና ላይ እንዲህ ያለ የፌዴራል መብት የለም። ስቴታችሁ ወይም ውላችሁ ካልሰጣችሁ በስተቀር ፈርማችሁ ስትወጡ የእናንተ ነው።

አምስተኛው፣ ፍርድ ቤት አለ የሚለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን እንጂ መኖሩስ አለ። ለብዙ ገዢዎች ግን በሩ የተዘጋው ፊርማቸውን ሲያኖሩ ነው። በብዙ የዲለር ውሎች ውስጥ «ክርክር ቢነሳ በግልግል ብቻ ይታያል» የሚል አንቀጽ አለ። የግልግሉን ድርጅት ውሉ ይወስነዋል፣ ብዙ ጊዜም ከሌሎች ተበዳዮች ጋር ተባብሮ መክሰስ ይከለከላል። አሁን ልብ በሉ። ይህንኑ አንቀጽ አምራቾች በዲለሮች ውል ውስጥ ይጽፉት ነበር። ዲለሮቹ «ጉልበት ያለው አካል በግድ የሚያስፈርመን ግልግል ፍትሕ አይደለም» ብለው ለዓመታት ተሟግተው በ2002 ኮንግረሱ የፌዴራል ሕግ አወጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ግጭት ከተነሳ በኋላ ሁለቱም ወገን በጽሑፍ ካልተስማሙ በስተቀር አምራች ዲለሩን ወደ ግልግል መጎተት አይችልም። ክርክራቸው ልክ ነበር። ያንኑ ክርክር ገዢው ሲያነሳባቸው ግን ማኅበሮቻቸው ተቃዋሚ ሆነው ይቆማሉ። ጸሐፊው በዲለሮች ላይ መናደድ ከፈለጉ እዚህ ላይ ይናደዱ፣ እኔም አብሬያቸው ነኝ።

ፍርድ ቤት የማይደርስበትን ደግሞ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ይደርስበታል። በ2022 የኢሊኖይ ስቴት፣ ያገለገሉ መኪናዎችን በኢንተርኔት የሚሸጠውን የካርቫናን የሻጭነት ፈቃድ አግዶ ነበር፤ ሰዎች ከፍለው የወሰዱት መኪና የባለቤትነት ወረቀት (ታይትል) ሳይደርሳቸው በጊዜያዊ ታርጋ ይንከራተቱ ስለነበር። ሚሺጋንም በዚያው ዓመት አንዱን ቅርንጫፍ አግዷል። አንድ ገዢ ለብቻው ቢከስ ኖሮ ገና ጠበቃ እየፈለገ ነበር። ስቴቶቹ ቶሎ መንቀሳቀስ የቻሉት የሚነጥቁት ፈቃድ በእጃቸው ስለነበረ ነው። በብዙ ስቴቶች ዲለር ፈቃድ ሲያወጣ የሚያስይዘው ዋስትናም (ቦንድ) አለ፤ ሱቁን ዘግቶ ቢጠፋ ገዢው ከዚያ ላይ ካሳ መጠየቅ ይችላል። ይህም ጸሐፊው ይነሳ ከሚሉት ሕግ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፣ መልሳቸውንም ከልብ እጠብቃለሁ። ዲለሮች ከአምራቾቻቸው ጋር ሲዋዋሉ የሚጠብቃቸው የ1956ቱና የ2002ቱ ሕግ አላቸው። ገዢው ከዲለሩ ጋር ሲዋዋል ተመሳሳይ ነገር ይገባዋል ብሎ መጠየቅ እያለ፣ የዲለሩን ነጥቆ ሁለቱንም ባዶ እጃቸውን ከአምራቹ ፊት ማቆም ገዢውን በምን በኩል ነው የሚጠቅመው?